ምሳ ዕቃና የዕረፍት ሰዓት፦ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ጤናማ አመጋገብና የአካል እንቅስቃሴ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በወላጆች ስብሰባ፣ በወላጅ መምህር ኅብረት ውይይትና በመምህራን ማረፊያ ክፍል በየዓመቱ የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በዋናነት የአዲስ አበባን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሳቢ በማድረግ ቢሆንም፣ አብዛኛው ነገር በሌሎች ከተሞች ላሉ ትምህርት ቤቶችም ይሠራል።

ብዙ ልጅ በልቶ መጥገብ ባልቻለበት አገር ስለ ጤናማ አመጋገብ ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሳይመለስ መታለፍም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናትም ቁጥሩ 37 በመቶ ነበር። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በዚያው ክፍል ውስጥ ደግሞ ምሳ ዕቃው በብስኩትና በታሸገ ጁስ የተሞላ፣ ከሰርቪስ ወርዶ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ሰርቪሱ፣ ከዚያም ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄድ ልጅ አለ።

ሁለቱ ልጆች የተለያየ ችግር ያለባቸው ይመስላል እንጂ በአብዛኛው የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የምግብ ስብጥር ነው። በሻይና በዳቦ ብቻ ሆዱን የሞላው ልጅም፣ በቺፕስና በለስላሳ የጠገበው ልጅም ሰውነታቸው ብረት፣ ፕሮቲንና ቫይታሚን አጥቶ ይውላል። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚወሰድ ማንኛውም እርምጃ መመዘን ያለበት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ አሠራር የጎደለበትን ልጅ ያሳፍረዋል ወይ? የወፈረውንስ ያሸማቅቀዋል ወይ? ከሁለቱ አንዱን የሚያደርግ ከሆነ፣ ዓላማው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ መቅረት አለበት።

ልጄ በትምህርት ቤት ምገባ ተጠቃሚ ነው። ከዚያ በላይ ከቤት ምን ይጠበቅብኛል?

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀምሯል። በምግብ እጥረት በተጎዱ የክልል አካባቢዎች ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የትምህርት ቤት ምገባን ሲደግፍ ቆይቷል። ጠዋት ሰልፍ ላይ እየተዝለፈለፈ ይወድቅ የነበረ ልጅ ዛሬ ቆሞ ሲዘምር ያየ መምህር የዚህን ፋይዳ ማስረጃ ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ምገባው የሚሸፍነው የትምህርት ቀናትን ነው። እራት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ክረምቱም በሙሉ የቤተሰብ ኃላፊነት ሆነው ይቀራሉ። በመሆኑም ወላጅ የሳምንቱን የምገባ ዝርዝር ከስም ጠሪ መምህሩ ጠይቆ ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ልጁ በትምህርት ቤት ሩዝና ፓስታ በልቶ ከመጣ ማታ ደግሞ ጎመን፣ ምስር ወይም ሲገኝ እንቁላል ማቅረብ ይቻላል። ተጨማሪ ወጪ ሳይኖር የሚገኝ ስብጥር ማለት ይህ ነው።

በምገባው ማብሰያ ቤት በኩል ትምህርት ቤቱ የትኞቹን ነገሮች ሊጠነቀቅ ይገባል?

ንጽሕናውን ሁሉም ስለሚያነሣው ከዚያ ባሻገር ያሉትን ሦስት ጉዳዮች እናንሣ። የመጀመሪያው የሽሮ ዱቄት ነው። በርካሽ የሚቀርብ ሽሮ ጓያ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ጓያ በብዛትና ለወራት ያለማቋረጥ ሲበላ እግርን እስከ ማሽመድመድ የሚያደርስ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ትምህርት ቤቱ ከተቻለ አተሩንና ሽምብራውን በእህልነቱ ገዝቶ ማስፈጨት ይመረጣል። ለበርበሬና ለኦቾሎኒም እንዲሁ ነው፤ እርጥበት ነክቷቸው የሻገቱ ከሆነ በመታጠብም ሆነ በመቁላት የማይጠፋ መርዝ ሊይዙ ስለሚችሉ መጣል አለባቸው።

ሁለተኛው ጨው ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት በአገራችን ለምግብነት የሚሸጥ ጨው አዮዲን የተጨመረበት መሆን አለበት። የአዮዲን እጥረት ከእንቅርት በተጨማሪ የልጆችን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ጨዉ ግን ክዳን በሌለው ጣሳ፣ ከምድጃው አጠገብ ከተቀመጠ አዮዲኑ ይቀንሳል። በተከደነ ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር በቂ ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው ዘይት ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከር የቅባት ዓይነት ነው፤ ዋጋው ቀላል በመሆኑ ሙሉ በሙሉ መተው ካልተቻለ እንኳ መጠኑን መቀነስና የኑግ፣ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት በተገኘ ጊዜ መቀየር ይቻላል። አብሳዮቹ እናቶች ስለ እነዚህ ነገሮች የግማሽ ቀን ሥልጠና ቢያገኙ፣ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉ አሥር ማስታወቂያዎች የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ።

ምሳ ዕቃ ውስጥ ምን ልክተትለት? ልጄ የቋጠርኩለትን ሳይበላ ይመልሳል።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ብዙ ወላጆች መልሱ ውድ የሆነ የታሸገ ምግብ፣ ወይም በኢንተርኔት የሚታዩት በፈገግታ ፊት ቅርጽ የተቆራረጡ አትክልቶች ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር የእህልና የጥራጥሬ ቅንጅት ሲሆን፣ አንዱ የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል ሌላው ስለሚሞላ ለሚያድግ ልጅ የተመቸ ምግብ ነው። አስቸጋሪው ነገር ጠዋት የተቋጠረ ሽሮ ፍትፍት በስድስት ሰዓት ደርቆ ወይም ረጥቦ መገኘቱ፣ ልጁም ከጓደኞቹ ፊት ለመክፈት ማፈሩ ነው።

ለድርቀቱ መፍትሔ አለ። እንጀራውንና ወጡን ለየብቻ መቋጠር፤ ፍርፍር ከሆነ ቲማቲምና ቃሪያ በርከት አድርጎ መጨመር፤ ወይም በጥቅል መልክ፣ ማለትም ምስሩን ጠንከር አድርጎ ሠርቶ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ በእጅ ተይዞ የሚበላ ማድረግ። ከዚህ ሌላ የተቀቀለ ድንች ከቀይ ሥርና ከካሮት ጋር፣ ዳቦ በእንቁላል፣ ሩዝ በአተር ወይም በአትክልት፣ ቂንጬ፣ ጨጨብሳ፣ ጠዋት በቤት የተበጠበጠ በሶ ሁሉ ይሠራሉ። ለመክሰስ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን ወይም ቆሎ ይበቃል። ስለ ቆሎው ግን አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፦ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ የአፀደ ሕፃናት ልጆች ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ የመታነቅ አደጋ አለው፤ አንደኛ ክፍል ላይ ደግሞ የፊት ጥርሳቸው የወለቀ ልጆች ቆሎ ይዘው ሲታገሉ ማየት ያሳዝናልም፣ ያስቃልም።

ዕፍረቱ ግን የሚፈታው በቤት ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። የመምህሩ ምሳ ዕቃ ሽሮ ይዞ ከልጆቹ ፊት ሲከፈት፣ ማብራሪያ ሳያስፈልግ ብዙ ነገር ይቀየራል።

ስለ ደኅንነቱ ደግሞ፣ የበሰለ ምግብ በተራ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ጠዋት በአንድ ሰዓት ተቋጥሮ በስድስት ሰዓት የሚበላ ምሳ ከዚህ ልክ በእጅጉ ያልፋል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ቢልም ጥንቃቄው አይቀርም፤ በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ ወይም በአፋር ሙቀት ደግሞ ሥጋ፣ ወተትና ማዮኔዝ ያለበት ምግብ ሙቀት ጠባቂ ዕቃ ከሌለ ባይቋጠር ይሻላል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ዳቦ፣ ቆሎና ልጣጩ ያልተነሣ ሙዝ ይስማማሉ።

በጾም ወቅት ልጆች አይጎዱም?

ልጁ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ፣ እስከ ስንት ሰዓት ይጹም የሚለው የቤተሰቡና የንስሐ አባት ጉዳይ ነው፤ ትምህርት ቤት በዚህ ውስጥ አይገባም። ከምግቡ ይዘት አንጻር ሲታይ የጾም ምግብ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በቅባት እህሎች የበለፀገ ነው። የሱፍና የተልባ ፍትፍት፣ የባቄላ እልበት፣ ስልጆና አዚፋ በዛሬ ልጆች ዘንድ እየተረሱ ያሉ፣ ነገር ግን ከማንኛውም የታሸገ ምግብ የሚልቁ ናቸው። ሥጋት የሚሆነው ጾም ሲመጣ ምሳ ዕቃው ወደ ባዶ ፓስታና ወደ ዳቦ በማርማላታ ሲወርድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዕፀዋት አይገኝም፤ እርሱም ቫይታሚን ቢ12 ነው። ስለዚህ ረዥሙን የዐቢይ ጾም 55 ቀናትና ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ልጅ በፍስክ ቀናት እንቁላል፣ ወተት ወይም ሥጋ እንዲያገኝ ማድረግ ያስፈልጋል። በረመዳን ወቅትም፣ ምንም እንኳ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ጾሙ ግዴታ ባይሆንም፣ በራሳቸው ፍላጎት የሚጾሙ ተማሪዎች ስለሚኖሩ፣ የስፖርት መምህሩ የሩጫውን ትምህርት ወደ ጠዋት ማምጣትና ለእነርሱ ቀለል ያለ ሥራ መስጠት ይችላል። ይህንንም ሲያደርግ ልጆቹን ከክፍሉ ለይቶ ባያስቆማቸው መልካም ነው።

ጤፍ ብረት አለው እየተባለ ልጄ እንዴት የደም ማነስ ተገኘባት?

ጤፍ ብረት እንዳለው እውነት ነው። ሆኖም በምርመራ የሚገኘው የብረት መጠን ከፊሉ በአውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል ሲሆን፣ ሰውነት እርሱን እምብዛም አይጠቀምበትም። በእህሉ ውስጥ ያለውም ቢሆን የሚያስረው ንጥረ ነገር አለ። ሊጡ በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ሲቦካ ይህ ማሰሪያ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቸኩለው ከሚጋግሩት እንጀራ በደንብ የቦካው ይሻላል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሻይ ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ቁርሷን በሻይ የምትበላ፣ ምሳዋንም በሻይ የምታወራርድ ልጅ ከምግቧ የምታገኘው ጥቅም ይቀንሳል። ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ፣ ከምግቡ ጋር ደግሞ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ዘይቱን መስጠት ይገባል፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ በቀላሉ እንዲገባ ያግዛል። የአንጀት ጥገኛ ትላትልም ደም የሚያሳጡ ስለሆነ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የትል መድኃኒት በሚታደልበት ቀን ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ትክክል አይደለም። የገረጣች፣ ቶሎ የምትደክም ወይም አፈር መብላት የጀመረች ልጅ ካለች ግን ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር ያስፈልጋል።

አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያን ያህል ይጎዳል?

በ300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ይህም ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር ከቀኑ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ አሥር በመቶ ማለት 40 ግራም፣ አምስት በመቶ ማለት 20 ግራም ነው። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን የቀኑን ልክ ሊጨርሰው ተቃርቧል፤ ሻዩና ብስኩቱ ገና አልተቆጠሩም። ሥዕለ ፍራፍሬ ያለበት የታሸገ ጁስም ብዙ ጊዜ ስኳር የተጨመረበት በመሆኑ ከዚህ አይለይም።

በዓመት በዓልና በሠርግ አንድ ጠርሙስ የጠጣ ልጅ አይጎዳም። አስቸጋሪው በየዓርቡ በክፍል የሚከበረው ልደት ነው። ሠላሳ ተማሪ ባለበት ክፍል በዓመት ሠላሳ ኬክ፣ ሠላሳ ጊዜም ለስላሳና ከረሜላ ማለት ነው፤ ማሳመር ያልቻሉ ወላጆች ልብ ላይ የሚጥለው ጫና ደግሞ ሳይቆጠር ነው። በወር አንድ ቀን የወሩን ልደተኞች ሁሉ በአንድ ላይ፣ በድፎ ዳቦና በፍራፍሬ ማክበር ለሁሉም ዕረፍት ይሰጣል። ለትክክለኛ መልስ ከረሜላ የሚሸልሙ መምህራንም በእርሳስ ወይም በጭብጨባ ሊተኩት ይችላሉ።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቺፕስ፣ ጀላቲና ፓስቲ የሚሸጡትን ማስነሣት አይቻልም?

ማስነሣት ይቻል ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ከአጥሩ ጥግ ብቅ ይላሉ። ከዚያም በላይ፣ ከሻጮቹ አንዳንዶቹ የተማሪዎቹ እናቶች ናቸው፤ ኑሯቸውም በዚያች መደብ ላይ የቆመ ነው። የሚሻለው ተነጋግሮ የሚሸጠውን ነገር መቀየር ነው። የተቀቀለ ድንች፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ሙዝ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የሽምብራ ቆሎ ከቺፕስ ያላነሰ ገበያ አላቸው፤ በተለይ ትምህርት ቤቱ ለእነዚህ ሻጮች ጥላ ያለው ቦታና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ከፈቀደላቸው። ያልታወቀ ውሃ በቀለምና በስኳር ተበጥብጦ የሚረጋው ጀላቲ ግን በድርድር የሚታለፍ አይመስለንም፤ የሆድ በሽታ መነሻ ነውና። የግቢው ካፍቴሪያ በኪራይ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ በኪራይ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ትምህርት ቤቱ በካፍቴሪያው ለስላሳ እየሸጠ፣ በሚኒ ሚዲያው ስለ ስኳር ጉዳት ቢያሰማ ልጆች ቀድመው ይስቁበታል።

ልጅ በቀን ምን ያህል መንቀሳቀስ አለበት?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከሳምንቱም ቢያንስ በሦስቱ ቀናት ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር፣ እንደ ዝላይና ሩጫ ያለ እንቅስቃሴ እንዲኖርበት ይመክራል። ስድሳው ደቂቃ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም።

አሁን የአንድ ተማሪን ቀን እንቁጠር። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከአርባው ደቂቃ ወደ ሜዳ መውጣት፣ መሰለፍና ተራ መጠበቅ ሲቀነስ፣ እያንዳንዱ ልጅ በእውነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሩቡን ላይሞላ ይችላል፤ አንድ ኳስ ለሃምሳ ልጅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የተቀረውን የሚሞላው የዕረፍት ሰዓትና የመንገዱ ጉዞ ነው። ስለዚህ መምህሩ ክፍሉን በስድስት ቡድን ከፍሎ በስድስት ጣቢያ ቢያሠራ፣ አንዱ ገመድ ሲዘል፣ አንዱ በጨርቅ ኳስ ሲቀባበል፣ ሌላው በኖራ በተሰመረ መስመር ሲሮጥ፣ ያው ክፍለ ጊዜ ሦስት ዕጥፍ ያህል ይሰጣል። በጠዋቱ ሰልፍም ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ የሰባት ደቂቃ የጋራ እንቅስቃሴ መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

ቤታቸው ቅርብ ለሆነ ልጆች በእግር መምጣት ከሁሉ ይበልጣል። ወላጆች መኪናውን ስለሚፈሩ አይፈረድባቸውም፤ የአንድ ሰፈር ልጆች በተራ በሚመደብ አንድ ወላጅ እየተመሩ በቡድን ቢመጡ ግን ሥጋቱ ይቀንሳል።

ትምህርት ቤታችን በኪራይ ቪላ ውስጥ ነው፤ ሜዳ የለንም።

ሜዳ አለመኖሩ ትልቅ ጉድለት ነው፤ በጨዋታ ብልሃት ብቻ ተሸፋፍኖ ሊታለፍ አይገባም፤ ወላጆችም ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ ይህን መጠየቅ መብታቸው ነው። እስከዚያው ግን ያለውን መጠቀም ነው። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱት በሲሚንቶ ላይ በተሰመሩ ጥቂት ሳጥኖች ነው፤ ሱዚና ገመድ ዝላይ ከሁለት ሜትር በላይ ቦታ አይጠይቁም። እነዚህን «ያረጁ» ጨዋታዎች ከባዕድ የጂምናስቲክ ዕቃ አሳንሶ ማየት ስሕተት ነው፤ ለልብና ለአጥንት የሚሰጡት ጥቅም ተመሳሳይ ሲሆን፣ ልጆቹ ያለ አለቃ ራሳቸው ሕግ እያወጡ፣ እየተጣሉና እየታረቁ የሚጫወቷቸው ናቸው። የዕረፍት ሰዓቱን ለሁለት ከፍሎ የታችኞቹንና የላይኞቹን ክፍሎች በተራ ማውጣትም ጠባቡን ግቢ ያሰፋዋል።

ሴት ተማሪዎቻችን ከአራተኛ ክፍል በኋላ ዳር ላይ መቀመጥ ይጀምራሉ። ለምን?

አንድ መምህር የዕረፍት ሰዓቱን ከሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ቢመለከት መልሱን ያገኘዋል። መሐሉን ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ወንዶች ይዘውታል፤ ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ይቆማሉ። ይህ የፍላጎት ማነስ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሲፈተሽ ግን የቦታ ጉዳይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳው የሴቶቹ እንዲሆን የወሰኑ መምህራን ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት አፍረው፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰዓቱ ሳይደርስ ኳስ ይዘው እንደሚጠብቁ ይመሰክራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ልብስ ነው። የደንብ ልብሱ ቀሚስ ብቻ ከሆነ ልጅቷ አትዘልም፤ በስፖርት ቀን ቱታ ለብሶ መምጣት እንደሚቻል በግልጽ መፈቀድ አለበት፤ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ መልበስም እንዲሁ። ሦስተኛው ደግሞ ብዙዎች በግልጽ የማያነሡት የወር አበባ ነው። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ የሚጀምራቸው ልጆች አሉ። መዝጊያ ያለውና ውሃ የሚገኝበት መጸዳጃ ቤት ከሌለ፣ ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም የሚሰጠው ትምህርት ለእነርሱ ባዶ ነው። ሴት መምህርት በየወሩ ለብቻቸው የምታነጋግራቸው ቢሆን፣ ሕመሙ ቀላል ሲሆን ቀለል ያለ እንቅስቃሴ እንደማይጎዳም ማወቅ ይችላሉ።

ረባሽ ተማሪን ከዕረፍት ሰዓት ማስቀረት ወይም ሜዳ ማዞር ተገቢ ነው?

አይደለም። ሲጀመር፣ መንቀሳቀስ ያማረው ልጅ ነው ብዙ ጊዜ የሚረብሸው፤ ዕረፍቱን ሲነጠቅ ከሰዓት በኋላ ይብስበታል። ሩጫንና ፑሽ አፕን ለቅጣት ማዋል ደግሞ ልጁ ሩጫን ከውርደት ጋር አያይዞ እንዲያድግ ያደርገዋል። በሒሳብ ሲያጠፋ ተጨማሪ ሒሳብ እየተቀጣ ሒሳብን የወደደ ልጅ እንደሌለ ሁሉ፣ በሜዳ ዙር ተቀጥቶ ስፖርትን የሚወድ አይገኝም።

የተማሪዎችን ክብደት መመዘን አለብን?

መዛኙ ሠልጥኖ፣ ምዘናው በግል ተደርጎ፣ ውጤቱም ለወላጅ ብቻ ተነግሮ፣ ችግር የተገኘበትም ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚላክበት መንገድ ካለ ጠቃሚ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ባይደረግ ይሻላል። በሰልፍ አስቁሞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ መጥራት በፍጹም ክልክል ነው። የልጅ ክብደት እንደ አዋቂ በአንድ ቁጥር አይፈረድም፤ ከዕድሜው፣ ከፆታውና ከቁመቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚታየው።

በእኛ ባህል ወፈር ያለ ልጅ የድሎት ምልክት ሆኖ ሲወደስ፣ በትምህርት ቤት ግን በቅጽል ስም ይሳቅበታል። ልጁ በሁለቱ መካከል ይወዛገባል። ለወፈረ ልጅ የተለየ የምግብ ዝርዝር ማዘዝ የትምህርት ቤት ሥራ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ለስላሳውን ከማዕዱ ቢያነሣ፣ ልጁም በጨዋታ እንዲሳተፍ ቢበረታታ፣ ቁመቱ ሲጨምር ክብደቱ ብዙ ጊዜ ይመጣጠናል። ቅጽል ስሙን ማስቆም ግን የእያንዳንዱ መምህር ሥራ ነው፤ አንዳንዴም የሚጠራበት መምህሩ ራሱ ነው።

ከስፖርት ሊከለከል የሚገባው ልጅ የትኛው ነው?

በሐኪም የታዘዘለት ብቻ። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ፣ ሰውነቱን ቀስ ብሎ ካሟሟቀ በኋላ ከሌሎቹ ጋር ሊጫወት ይችላል። መምህራን በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው በአገራችን ልጆች ዘንድ በብዛት የሚታየውን፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በሮችን የሚጎዳውን የልብ በሽታ ነው። በፊት ይሮጥ የነበረ ልጅ በደረጃ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ደረቱ ሲመታ ወይም መገጣጠሚያዎቹ እየተፈራረቁ ሲያብጡ ስንፍና ነው ብሎ ከማለፍ ወላጁን ጠርቶ ወደ ሕክምና መላክ ሕይወት ያተርፋል። የጉሮሮ ሕመምንም «ቶንሲል ነው» ብሎ ከመተው ወይም በባህላዊ መንገድ ከማስቆረጥ በጊዜው ማሳከም ይገባል። የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ደግሞ ውጤት መዝጋቢ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ሕጉን ለእርሱ እንዲስማማ መቀየር የመምህሩ ሙያ ነው።

ልጄን ሯጭ ላድርገው?

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር፣ ደብተሩን የያዘበት ግራ ክንዱም በውድድር ጊዜ እንኳ ጠበቅ ብሎ ይታይ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ያ ርቀት ግን የመንገድና የትምህርት ቤት እጥረት ውጤት ነበር፤ ለዛሬ ልጅ የሥልጠና መርሐ ግብር ተደርጎ አይወሰድም። በዚህ ዕድሜ ልጁ ብዙ ዓይነት ጨዋታ ቢለማመድ ይሻለዋል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሕፃናት ውድድርም ያካሂዳል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መንገድ ለሰውም አደባባዩን ከመኪና ነፃ አድርጎ ለብስክሌትና ለኳስ ይለቀዋል። እንዲህ ባሉት ቀናት ወላጅ ዳር ቆሞ ከሚያይ አብሮ ቢሮጥ ልጁ ይበልጥ ይደሰታል።

በግቢያችን ጎመንና ካሮት ብንተክል ልጆቹ አትክልት መብላት ይለምዳሉ?

ራሱ ያጠጣውን ቆስጣ ያልቀመሰ ልጅ ብዙም አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 350 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ የግቢው መደብ ይህን ባይሞላም ልማዱን ያስጀምራል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን መጠየቅ አለበት። ፋብሪካና ፍሳሽ በበከለው የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ውሃ የለማ አትክልት ከባድ ብረቶች ሊኖሩበት ስለሚችሉ፣ እነዚህም ታጥበው የማይለቁ በመሆናቸው፣ የቧንቧ ወይም የዝናብ ውሃ ብቻ መጠቀም ይገባል። እጽዋቱን የመንከባከብ ተራም ለቅጣት ሳይሆን ለክበብ አባላት በክብር ይሰጥ።

ዝናብ ሲጥል ሜዳው ይጨቀያል። ያን ጊዜ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጥ?

ሒሳቡ የራሱ ሰዓት አለው። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ይጠጉ፤ መስኮቶቹ ይከፈቱ። አንድ ተማሪ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ ይምታ። ሌሎቹ የጎንደሩን፣ የትግራዩን፣ የኦሮሞውን፣ የጉራጌውን፣ የወላይታውን ጭፈራ ከየቤታቸው እንዳዩት በተራ ያሳዩ፤ ክፍሉም ይከተላቸው። የጉራጌን ጭፈራ በትክክል አሥር ደቂቃ የጨፈረ ልጅ ትንፋሹ ከሩጫ ባላነሰ ይፈጥናል፤ መምህሩም ቢሞክረው ያየዋል።